ባሕር የሌለን ጠላቂዎች

ከፈተና በኋላ በሚመጣው ዕረፍት አምስት ተማሪዎች ሆነን ወደ ጅቡቲ ወርደን የሰመጠ መርከብ ለማየት ማሰባችን በግቢው ከተሰማ ወዲህ የምንጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። «ባሕር የሌለው አገር ልጅ ከባሕር ሥር ምን አገባው?» ይሉናል። አንዳንዱ ይህን የሚለው ለቀልድ ነው፤ አንዳንዱም በቍጭት ነው። ለሁለቱም የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። ተራራ የሌለው አገር ሰው ራስ ደጀንን ሊወጣ በየዓመቱ ይመጣል፤ ምን አገባህ ብሎ የመለሰው ሰው ግን እስካሁን አልሰማንም።

የሚበልጠው ጥያቄ ሌላ ነው፤ እርሱንም እስካሁን የጠየቀን የለም። ይኸውም ጥቂት ጊዜ ብቻ የጠለቁ ሰዎች ወደ ሰመጠ መርከብ ለመውረድ ምን መብት አላቸው? የሚል ነው። ሁለት ወር ሙሉ እርስ በርሳችን የተከራከርነው በዚሁ ነው። ክርክሩ ለሌሎችም ይጠቅማል ብለን ስላሰብን እንጽፈዋለን። ዓመታቱንና ወራቱን የምንጽፈው በፈረንጅ አቈጣጠር ነው፤ ያነበብናቸው መጻሕፍት ሁሉ እንደዚያ ናቸውና።

በመጀመሪያ ማን መሆናችንን እንናገር። አንዷ የሕክምና፣ አንዱ የኢንጂነሪንግ፣ አንዱ የታሪክ፣ ሁለቱ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ነን። ከውጭ አገር በተመለሰ አንድ አስተማሪ ዘንድ በሆቴል መዋኛ ውስጥ ሬጉሌተር ነክሶ መተንፈስን፣ መነጽር ውስጥ የገባውን ውሃ በአፍንጫ ተንፍሶ ማስወጣትን፣ አየር ያለቀበት ሰው ከጓደኛው ትርፍ አፍ ተቀብሎ መውጣትን ተማርን። ቀጥሎም አራታችን ባለፈው ዓመት ጅቡቲ ወርደን በባሕር የሚፈለገውን ፈጽመን የመጀመሪያውን ደረጃ የምስክር ወረቀት ተቀበልን። ወረቀቱ የሚፈቅደው እስከ 18 ሜትር ብቻ ነው። ከመካከላችን ብዙ የጠለቀው 14 ጊዜ ነው፤ የቀሩት ሰባት፣ አምስትና አራት ጊዜ ናቸው። የአራታችን ልምድ ተደምሮ ሠላሳ ሆነ ማለት ነው፤ አንድ ደህና መሪ ጠላቂ ይህን በሁለት ሳምንት ይፈጽመዋል።

መጀመሪያ ያሰብነው መርከብ የጅቡቲ አልነበረም። የታሪክ ተማሪው ጓደኛችን አንድ ማታ ስለ ኡምብሪያ ነግሮን ሁላችንንም እንቅልፍ ነሣን። ኡምብሪያ በ1911 ሃምቡርግ ላይ የተሠራና ኋላ በኢጣልያኖች እጅ የገባ መርከብ ነው። በ1940 በሺህ የሚቈጠር ቶን ቦምብ፣ ሲሚንቶና ሦስት የፊያት አውቶሞቢሎች ጭኖ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲጓዝ እንግሊዞች ፖርት ሱዳን አጠገብ አስቁመው ይፈትሹት ጀመር። ፍተሻው ሳያልቅ ካፒቴኑ ኢጣልያ ጦርነት ማወጇን በራዲዮ ሰማ፤ ጭነቱ በጠላት እጅ እንዳይገባ ብሎም ጁን 10 ቀን መርከቡን በገዛ እጁ አሰመጠው። ሃንስ ሃስ የሚባለው ኦስትሪያዊ ጠላቂ በ1949 ወርዶ አይቶታል፤ ቦምቡም አውቶሞቢሎቹም ዛሬ እዚያው ናቸው። አርበኞቻችን በየዱሩ በነበሩበት በዚያ ዓመት ያ ቦምብ በማን ራስ ላይ ሊወርድ እንደ ነበረ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ያንን ቦምብ ዓሣ ሲፈነጭበት በዓይናችን ብናይ እንዴት ደስ ባለን!

ሁለተኛው ሐሳብ ምጽዋ ነበረ። በኤፕሪል 1941 እንግሊዞች ከተማዋን ሲይዙ ኢጣልያኖች ወደቡን ለመዝጋት መርከቦችንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎችን በየመግቢያው አሰመጡ። በማግሥቱ ዓመት ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኰንን በዚያ ሙቀት ጥቂት ሠራተኞች ይዞ የሰመጠውን በታመቀ አየር እየሞላ ያነሣ ጀመር። ዛሬ እኛ በጀርባችን የምንሸከመው መሣሪያ ያን ጊዜ ገና አልተሠራም፤ ኩስቶና ጋኛን ያወጡት በ1943 ነው። የምጽዋን ታሪክ ስናነብ በማንም ወደብ ላይ ዓይን ለመጣል አይደለም፤ ያነሣነው ስለ መርከብ ብቻ ነው። (ይህን መጻፍ ያስፈለገን ጽሑፉን ቀድመው ካነበቡት ጓደኞቻችን ሁለቱ ነገሩን ወደ ፖለቲካ ሊወስዱት ስለ ሞከሩ ነው።)

ሁለቱም ሐሳቦች ከወረቀት አላለፉም። በሱዳን ጦርነት ከተነሣበት ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ወደዚያ ለሽርሽር መሄድ የሚታሰብ አይደለም፤ በሜይ 2025 ፖርት ሱዳን ራሷ በድሮን ተመትታለች። ወደ ኤርትራ በ2018 ተከፍቶ የነበረው የአየር መንገዳችን በረራ ደግሞ በሴፕቴምበር 2024 ተቋረጠ። ስለዚህ ባቡር የሚወስደን ቦታ ቀረ፤ ጅቡቲ።

ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ ሙሻና መስካሊ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። በዚያ አካባቢ ጠላቂዎች የሚጐበኟቸው የሰመጡ መርከቦች ይገኛሉ። ባለጀልባው በስልክ ያቀረበልን አንዱን የጭነት መርከብ ነው። እንደ ነገረን ከሆነ ያረፈበት አሸዋ ወደ 27 ሜትር ይጠጋል፤ የላይኛው ክፍሉ ግን ከዚያ በጣም ከፍ ይላል። «ሁሉም ሰው እታች ድረስ ይወርዳል፤ ችግር የለውም» አለን። ጠቡ የተጀመረው በዚህች «ችግር የለውም» ላይ ነው።

የኢንጂነሪንግ ተማሪው ወረቀትና እርሳስ አመጣ። ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ እዚህም እንድገመው። በባሕር ውስጥ በየአሥር ሜትሩ አንድ ተጨማሪ የአየር ግፊት ይጫናል። በ30 ሜትር ላይ ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሆነ ሳንባን ለመሙላት አራት እጥፍ አየር ያስፈልጋል። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2400 ሊትር አየር ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ 50 ባሩ፣ ማለትም 600 ሊትሩ፣ የማይነካ መጠባበቂያ ነው። እንግዲህ 1800 ሊትር ቀረ። ባለፈው ዓመት ባሕር ውስጥ የተጠቀምነውን መዝግበን ስለነበረ እያንዳንዳችን ምን ያህል እንደምንተነፍስ እናውቃለን። የሕክምና ተማሪዋ ረጋ ያለች ናትና በውሃ ወለል ሒሳብ በደቂቃ 15 ሊትር ይበቃታል፤ ከኢኮኖሚክስ ተማሪዎቹ አንዱ ግን 25 ይፈጃል። በ18 ሜትር ላይ እርሷ ወደ 43 ደቂቃ ስትቆይ እርሱ ከ25 ደቂቃ በላይ አይሄድም፤ በ30 ሜትር ላይ 18 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህም ፍርሃት ሳይጨመርበት ነው። የደነገጠ ሰው አተነፋፈሱ እጥፍ ይሆናል፤ ሒሳቡም እንደ ጤዛ ይረግፋል።

ከአየሩ ሌላ ናይትሮጅኑ አለ። ከ30 ሜትር ግድም ጀምሮ እንደ ጠላ ቀስ ብሎ ራስ ላይ ይወጣል፤ ሰውየውም ሞኝ መሆኑን ሳያውቅ ይሞኛል። በተለመደው ሰንጠረዥ መሠረት በ18 ሜትር 56 ደቂቃ የተፈቀደለት ጠላቂ በ30 ሜትር የሚፈቀድለት 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ከመካከላችን አንዱ «ለአንድ ቀን ዘጠኝ ሜትር ብንጨምር ምን እንሆናለን?» ቢል «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለን መለስንለት። እርሱም በቀላሉ አልተረታም፤ ወደ አሸዋው ካልወረድን ፕሮፔለሩን አናየውም ብሎ ሦስት ቀን አኰረፈ። ፕሮፔለር ማየት የሚያስደስት ነገር መሆኑን አንክድም። ነገር ግን በመጨረሻ 18 ሜትር የሚለውን መስመር በሁላችንም ፊርማ አጸናነው። ማንም በጀልባው ላይ በሚሰማው ምክር ይህን መስመር አይለውጥም፤ ሁለተኛውን ደረጃ ተምረን ስንመለስ ፕሮፔለሩ እዚያው ይጠብቀናል።

ወደ መርከቡ ውስጥ የመግባቱ ነገር ከጥልቀቱ የከፋ ነው። በክፍት ባሕር የተቸገረ ሰው ቢያንስ ወደ ላይ ይወጣል። በመርከብ ሆድ ውስጥ ግን ወደ ላይ ሲወጣ ጣራ ነው። ለዓመታት የተጠራቀመው ደለል አንድ ጊዜ በእግር መቅዘፊያ ከተነካ የመጣንበት በር ይጠፋል። የሠለጠኑት ሰዎች ከበሩ ውጭ ገመድ አስረው፣ ጥቅልሉን እየፈቱ ይገባሉ፤ አየራቸውንም ሦስት ቦታ ከፍለው አንዱን ለመግቢያ፣ አንዱን ለመውጫ፣ አንዱን ለክፉ ቀን ያደርጉታል። እኛ ይህን አልተማርንም። ቢሆንም ለምን እንደሚከለከል በራሳችን ላይ ለማየት ፈለግንና አንድ ቅዳሜ በመኝታ ቤቱ ኮሪደር ውስጥ ወንበሮችን ደርድረን፣ በመካከላቸው ሲባጎ ዘርግተን፣ ዓይናችንን በሻሽ ሸፍነን በገመዱ ላይ እየዳሰስን ለመውጣት ሞከርን።

ያን ቀን የሳቃችሁብን ሁሉ ትክክል ነበራችሁ። ግን ያላያችሁት ነገር አለ። በሁለተኛው ሙከራ የኢንጂነሪንግ ተማሪው ሲባጎውን ከአንድ የወንበር እግር ላይ በስውር ፈትቶ ትቶት ነበረ። ከሁላችን ብልጥ የነበረው ልጅ ገመዱ ሲላላበት እጁን ለቀቀ፤ ከዚያም ግድግዳውን በር ነው ብሎ እየገፋ አራት ደቂቃ ቆመ። ደረቅ መሬት ላይ ነው፤ አየሩም ነፃ ነው፤ ሰዎችም በአጠገቡ ይስቃሉ። እንዲያም ሆኖ ሻሹን ሲፈታ ፊቱ በላብ ተነክሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ መርከቡ ውስጥ እንግባ የሚል ሰው ከመካከላችን አልተነሣም። ከውጭ ዞረን እናያለን፤ በመስኮቱ መብራት አብርተን እንመለከታለን፤ ራሳችንን ግን አናስገባም። ከውጭም ቢሆን የዛገ ብረትና የተጠመጠመ የዓሣ መረብ ስለማይጠፋ እያንዳንዱ ጥንድ መቍረጫ ይይዛል። ለማስታወሻ ተብሎም ከመርከቡ ላይ አንዲት ብሎን አይነሣም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ይህን ጉዞ ያሰበው፣ ጓደኞቹን የሰበሰበው፣ በየወሩ ከእያንዳንዳችን ገንዘብ እየተቀበለ በደብተር የሚመዘግበው ሁለተኛው የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነው። ባለፈው ዓመት አባቱ ታመውበት ከእኛ ጋር መውረድ አልቻለም፤ ዘንድሮ ግን የባሕሩን ትምህርት ጨርሶ አብሮን ሊጠልቅ ነበር። የጤና ቅጹ ሲመጣ ከጥያቄዎቹ መካከል አስም ታሞ የሚያውቅ እንደሆነ የሚል አለ። ልጅ ሳለ ታሞ ነበር። ብርድ ሲሆን ዛሬም አንዳንድ ጊዜ ደረቱን ያፍነዋል፤ ይህን ከእኛ የተሰወረ አይደለም።

«የለም ብዬ ብሞላው ማን ያውቃል?» አለን። ዝም አልን። የሕክምና ተማሪዋ ናት የመለሰችለት። «እኔ አውቃለሁ። ስትወጣ በሳንባህ ጥግ የታፈነች አየር ካለች እየሰፋች ነው የምትወጣው፤ ከአሥር ሜትር እስከ ላይ ስትደርስ እጥፍ ትሆናለች። መውጫ ካጣች ሳንባህን ቀድዳ ትወጣለች። አንተ እንዲህ ስትሆን ይዤህ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ቅጹ የአንተ ብቻ አይደለም።» በእውነቱ ማናችንም ያን ያህል ግልጽ አድርገን ለመናገር ድፍረቱ አልነበረንም።

ወደ ሐኪም ሄደ። ሐኪሙ የትንፋሽ ምርመራ አድርጎለት ከሌላ ምርመራ በፊት አልፈርምም አለው። እርሱም ሁለት ቀን ከማንም ጋር ሳይነጋገር ቆየና በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ይዞ መጣ። ከጀልባው ላይ የሚቆየው እርሱ እንዲሆን ራሱ ጠየቀ። ማን ስንት ሰዓት እንደ ገባ፣ በስንት ባር እንደ ገባ፣ ስንት ሰዓት መውጣት እንዳለበት የሚጽፈው እርሱ ነው። ከተባለው ደቂቃ ያለፈ ጥንድ ቢኖር የሚጣራውም እርሱ ነው። ሥራው የማጽናኛ አይደለም፤ ያለ እርሱ አንወርድም። ቢሆንም ስለ ጉዞው ስናወራ ፊቱን ስናይ ደስታችን ሙሉ ነው ብንል ውሸት ይሆናል።

ሌላው ጠብ የተነሣው በባቡሩ ላይ ነው። ይህ ለአዲስ አበባ ሰው ልዩ የሆነ ነገር ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። የጠለቀ ሰው በሰውነቱ ውስጥ የሟሟ ናይትሮጅን ይዞ ይወጣል። ቀስ ብሎ ከወጣ፣ በአምስት ሜትር ላይም ሦስት ደቂቃ ከቆየ፣ አብዛኛው በትንፋሽ ይወጣለታል፤ የቀረው ግን ሰዓቶች ይፈልጋል። ሰውየው ያ ሳይወጣለት ግፊቱ ወደሚቀንስበት ከፍታ ቢወጣ እንደ ተከፈተ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ደሙና ሥጋው አረፋ ያወጣል። አረፋው በመገጣጠሚያ ላይ ቢሆን ሕመም ነው፤ በአከርካሪ ላይ ቢሆን ሽባነት ነው። ስለዚህ የጠላቂዎች ሐኪሞች ከ600 እስከ 2400 ሜትር ባለው ከፍታ ለመብረር አንድ ጊዜ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆይ ይላሉ። የአውሮፕላን ውስጥ አየር የሚጠበቀው እስከ 2400 ሜትር ባለው ከፍታ ልክ ነው። አዲስ አበባ ስንት ናት? 2355 ሜትር ገደማ! ከተማችን ራሷ የማታርፍ አውሮፕላን ናት ማለት ነው። በባቡር የሄደም ያው ነው፤ ፍጥነቱ ቢለያይም መድረሻው አንድ ነው።

ታዲያ በመጨረሻው ጧት ጠልቀን በዚያው ቀን በባቡር ብንነሣ የአንድ ሌሊት አልጋ እናተርፋለን የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡ የመጣው ከገንዘብ ነው እንጂ ከስንፍና አይደለም። ብሩ በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመጀመሪያው በጀታችን ተረት ሆኗል፤ የጅቡቲ ፍራንክ ደግሞ ከ1973 ጀምሮ በአንድ ዶላር 177 ከምናምን ላይ ተቸንክሮ ቆሟል። ለአምስት ሰው አንድ ተጨማሪ ሌሊት የአንድ ወር ምግባችን ነው። ቢያንስ ድሬዳዋ ላይ እንደር ያለም ነበረ፤ ድሬዳዋም ግን ወደ 1200 ሜትር ስለምትጠጋ ከ600 በላይ ናት።

«አንተ ትርፏን ቀን በፍራንክ ታሰላለህ፤ እኔ በእግርህ አሰላታለሁ» አለችው እርሷ። ነገሩ በድምፅ ብልጫ ይወሰን ሲባልም አልተቀበለችም፤ ናይትሮጅን ድምፅ አይቈጥርም አለች። በየስብሰባው ድምፅ ሳይሰጥ ምንም አይወሰንም ብለን ስንጮህ የኖርን ሰዎች ይህን ስንሰማ ትንሽ ከበደን፤ ሆኖም ተቀበልነው። ሁለት ቀን እንጠልቃለን፤ በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ውሃ የነካ የለም፤ ሦስተኛውን ቀን በሙሉ ባሕር ዳር ተቀምጠን እናሳልፈዋለን፤ ባቡሩ በአራተኛው ነው። በዚያች ባዶ ቀን አሳል ሐይቅን እንይ ያለም ነበረ። ሐይቁ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ስለሚል ናይትሮጅኑ ደስ ይለዋል ብሎ ቀለደ። መንገዱ ግን መጀመሪያ ኮረብታ ስለሚወጣ እርሱም ተሰረዘ። ገንዘቡን ለመሙላት ከሦስት ቀን መጥለቅ አንዱን ቀነስን፤ የራሳችንን መነጽር መግዛቱም ቀርቶ እንከራያለን።

ወላጆቻችንን በተመለከተ ብዙ አንጽፍም። አንዷ እናት ነገሩን ሰምተው «በደረቅ መሬት ያለው መከራ አልበቃችሁም?» ብለዋል፤ ለዚህ መልስ አላዘጋጀንም። ሁሉም ግን የት እንደምንሄድና መቼ እንደምንመለስ በጽሑፍ ተሰጥቷቸዋል።

ዛሬ ይህን ስንጽፍ የቀረን አንድ ነገር ነው። ለባለጀልባው ሦስት ጥያቄዎች ልከናል። በጀልባው ላይ የሕክምና ኦክሲጅን አለ ወይ? ካለስ ወደብ እስክንደርስ ይበቃል ወይ? የታመመ ጠላቂ የሚታከምበት የግፊት ክፍል በቅርብ የት ነው፤ በስንት ሰዓት ይደረሳል? ለመጀመሪያው «አዎን» ብሎ መልሷል፤ ለሁለተኛው ዝም ብሏል፤ ለሦስተኛው «ችግር የለውም» ብሏል። እንደገና ጽፈንለታል። ገንዘቡ በደብተር ያዡ ጓደኛችን እጅ ነው፤ ሁለቱ መልሶች በጽሑፍ እስኪመጡ ድረስ ወደ ለቡ ጣቢያ ሄዶ ትኬት እንዳይቈርጥ ተስማምተናል።